ስለ ሕፅበተ እግር
በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ፲፫ ላይ የተጻፈ ሐተታ

ይህን ምዕራፍ የሚተረጕሙ ብዙዎች ውሃውን ለጥምቀት፥ ማበሻውን ጨርቅ ለትሕትና ሰጥተው ወደ ምሥጢሩ ፈጥነው ይሄዳሉ። ምሥጢሩስ እውነት ነው፤ ጴጥሮስ ካልታጠበ ዕድል እንዳይኖረው ጌታ መናገሩ፥ ነገሩ የገላ መታጠብ ብቻ እንዳይደለ ያስረዳል። ነገር ግን ወንጌላዊው የጻፈውን ሥራ ትቶ ምሥጢሩን ብቻ መናገር፥ ደጁን ሳይረግጡ እልፍኙን እንደ ማወደስ ነው።

ጊዜውን እንመልከት። አብርሃም እንግዶቹን በተቀበለ ጊዜ አስቀድሞ የእግር ውሃ፥ ኋላ እንጀራ አቀረበ፤ ዘፍ. ፲፰። የላባም ቤት ሥርዓት እንዲሁ ነበረ። ጌታ ግን ከእራት ተነሥቶ እንዳጠበ በቍ. ፬ ተጽፏል። ስለ ምን ዘገየ ቢሉ፥ አስቀድሞ ያጠበ ስላልተገኘ ነው። ውሃው ነበረ፥ መታጠቢያውም ነበረ፥ ጨርቁም ነበረ፤ የታጣው ዝቅ የሚል ሰው ነው። ሉቃስም በምዕራፍ ፳፪ ሐዋርያት በዚያው ማዕድ ማን እንዲበልጥ እንደ ተከራከሩ ጽፏል። ሁለቱን ወንጌላውያን አጋጥሞ ለሚያነብ ነገሩ ግልጥ ነው፤ ለባልንጀራው ያጠበ ታናሽ ይባላልና ሁሉም መታጠቢያውን አልፈውት ተቀመጡ። ይህን የምንል ሐዋርያትን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛም በማኅበርና በሰርግ ቤት ስለ መቀመጫ ተራ የምንቀያየም ነንና።

ስለዚህ በቍ. ፲፬ ያለውን ትእዛዝ በጸሎተ ሐሙስ ሥርዓት ብቻ የሚፈጽሙትን ትርጓሜ አንቀበልም። ሥርዓቱ ቅዱስ ነው፤ ካህኑ ወገቡን ታጥቆ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ማየት ልብን ያራራል። ይሁን እንጂ ብዙው ሰው እግሩን በቤቱ አጥቦ ይመጣል፤ ካህኑ የሚያገኘው ንጹሕ እግር ነው። ሐዋርያት ያቀረቡት ግን የመንገድ ትቢያ የነካውን ነበረ፤ ከዚያም አንዱ የይሁዳ ነው። ጌታ አሳልፎ የሚሰጠውን ያውቅ ነበረ፤ እግሩን ግን አልዘለለውም። የሚጠላንን፥ ምስጋናም የማይመልስልንን ማገልገል፥ በዓመት አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ከሚደረገው ይልቅ በየቤቱ ይከብዳል።

ጳውሎስም ነገሩን ያኖረው በቤት ውስጥ ነው። በመዝገብ የምትጻፈውን መበለት ምግባር ለጢሞቴዎስ ሲቈጥር፥ ልጆች ማሳደግን፥ እንግዳ መቀበልን፥ የቅዱሳንን እግር ማጠብን፥ የተጨነቁትን መርዳትን በአንድ ተራ አኖረ፤ ፩ጢሞ. ፭፥፲። ይህች መበለት ካህን አይደለችም፤ ቀንም አልተቈረጠላትም። እንግዳው ከመንገድ በገባ ጊዜ ሁሉ ውሃ ታቀርብ ነበር።