የማን ዘፈን፣ በማን ገንዘብ?

ተሰብስበን በተቀመጥን ቁጥር ከማናመልጣቸው ክርክሮች አንዱ መንግሥት ለከያንያን ገንዘብ ይስጥ አይስጥ የሚለው ነው። አንዱ «የከፈለ ያዛል» ይላል፤ ሌላው «ታዲያ ማን ይክፈል? ሀብታም ብቻ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛን የከነከነን ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከያኒው «ከሕዝብ ጋር ሠራሁ» ብሎ ከሕዝብ ካዝና ሲከፈለው፣ አብሮት የሠራው ሕዝብ ምን አገኘ? የሚለው ነው።

ነገሩን ቁንዝላ ወስደን እንየው። ቁንዝላ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የመንግሥት ገንዘብ ቁንዝላን አያውቃትም ማለት አይቻልም። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የጣናን ውኃ የሚቀዳው በዚያው አካባቢ ነው፤ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተቆፍሯል። መሬት ለመሰርሰር ያልሰነፈ ባጀት፣ ወደ አንዲት ዘፋኝ ደጃፍ ሲሆን ይደክመዋል።

ከመካከላችን የአንዱ አክስት እዚያው ቁንዝላ ነው የሚኖሩት። በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳሉ፣ በገበሬ ማኅበሩ ኪነት ውስጥ ዘፍነዋል። እትዬ እንዳጫወቱን ከሆነ፣ ከላይ የመጡ ሰዎች የሠርጉንም የአጨዳውንም ዜማ አስዘፍነው፣ ጽፈው፣ ሄዱ። ዜማው በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ግጥሙ ሌላ ሆኗል። «ዜማው የኛው ነው፤ ቃሉን ግን አጠኑን» ነው ያሉት። ቂም የላቸውም፤ እንዲያውም እየሳቁ ነው የነገሩን። የከነከነንም ሳቃቸው ነው።

ኪነትን እንዲያው በጅምላ መርገም የዛሬ ፋሽን ሆኗል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቀበሌዎች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የተሰባሰበው ወጣት፣ ከዚያ በፊት መድረክ የሚባል ነገር በዓይኑ ያላየ ነበር። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ከዚያ ዘመን የወጡ ስሞች ናቸው። ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው በግሽ ዓባይ፣ ማሪቱ ለገሠ በላሊበላ አልፈዋል። ይህን ያህል ድምፅ ከገጠር አውጥቶ ለአገር ያሰማ ሌላ የመንግሥት ወጪ ካለ ይነገረን።

ግን ሂሳቡ ወደ ላይ ብቻ ነበር። ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር ውድድር እየተባለ ጎበዙ ይመለመላል፤ የተመለመለው አይመለስም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በዘፈንና በሰልፍ ሲደምቅ ወሎ በረሃብ እየረገፈ ነበር። የዜማው ባለቤት ምን እንደሆነ ጠይቆ የሚዘፍን አልተፈለገም።

ዩኒቨርሲቲያችንስ ብንል? በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። በሐሊም ኤል ዳብ፣ በኋላም በተስፋዬ ለማ መሪነት የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ ባህላዊ ተጫዋቹን በሙያው እንዲከበር አድርጓልና። ሆኖም እሱም መንገዱ ያው ነው፦ ከአገር ቤት ወደ ከተማ። ከተማው ወደ አገር ቤት የሄደበት መንገድ የለም።

ጎጃሜ ገበሬ ለዚህ ቃል አለው። ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ። በደቦ ጠሪው ደግሶ ያበላል፤ በወንፈል ግን አንተ ዛሬ ለኔ የዋልከውን ቀን እኔ ነገ ላንተ እውላለሁ። ብድር ነው፤ የሚረሳው የለም። የኛ የኪነት ገንዘብ እስከ ዛሬ የጠራው ደቦ ነው፣ ያውም ድግስ የሌለው።

ይህን ያለፈ ታሪክ ለማውራት ያህል አይደለም የምናነሳው። ከመካከላችን ሁለታችን በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከሰጠው ቡድን ጋር፣ ማስታወሻ ለመያዝ፣ ወደ ጣና ዳርቻ ሄደን ነበር። ከከተማ የሄደው ሁሉ፣ ሾፌሩም ጭምር፣ አበል ነበረው። ሥራቸውን ትተው ግማሽ ቀን ሲያዜሙ ለዋሉት ሴቶች ግን አንድ አንድ ለስላሳ ተከፈተላቸው። የመክፈያ ሰነዱ ስማቸው የሚገባበት ረድፍ አልነበረውም፤ ብንጠይቅ «እነሱ ማኅበረሰብ ናቸው» ተባልን። ምን ይሉት መልስ ነው? እኛም ብንሆን አበላችንን ፈርመን ተቀብለናል። አልመለስነውም።

ሌላ መንገድ እንደሚቻል ግን ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታለች። በካሚሪዙ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር ሆነው፣ በገዛ ቋንቋቸው በኪኩዩ፣ ራሳቸው በሠሩት ክፍት ቴአትር ቤት አንድ ተውኔት አዘጋጁ። በልምምዱ ላይ የመንደሩ ሰው ድርሰቱን ያርም ነበር፤ «ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም» ብሎ ደራሲውን የሚያቆመው እሱ ነው። በ1970 ዓ.ም. መታየት ጀመረ፤ ከሳምንታት በኋላ ታገደ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያለ ፍርድ ታሰረ። በ1974 ዓ.ም. ቴአትር ቤቱን ፖሊስ አፈረሰው። ያ ቤት በመንግሥት ገንዘብ አልተሠራም፤ መንግሥት ግን ለማፍረሻው አላነሰውም።

«እንግዲያው ከመንግሥት ገንዘብ መራቅ ነው» የሚለን ይኖራል። እኛ እንዲህ አንልም። ያ ገንዘብ የቁንዝላም ገበሬ ግብር አለበት፤ ለምን ይራቅ? የምንለው ይህን ነው፦ ከያኒው ለሥራ ቀኑ ሲከፈለው፣ አብራው ያዜመችውም ሴት ለሥራ ቀኗ ትከፈል። ግጥሙ ሲለወጥ ባለቤቶቹ ፊት ይለወጥ፤ እምቢ ካሉም ይቅር። ጉዞው በመኸር አይሁን፤ ከጥምቀት በኋላ የሠርጉ ወራት አለ፣ ያኔ ሰውም ይዘፍናል። ሥራው ሲያልቅም መጀመሪያ የሚታየው እዚያው መንደር ውስጥ ይሁን፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ኋላ ይድረሳቸው። በሪፖርት ላይ የሚለጠፈው ፎቶግራፍ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለነዚያ ሴቶች የቀረጻው ቅጂ እንደሚላክላቸው ቃል ተገብቶላቸው ነበር። እስካሁን አልደረሳቸውም። በስልካችን የያዝነው፣ ጥራቱ እምብዛም የሆነ፣ የራሳችን ቅጂ አለ። ለጥምቀት ወደዚያ ስንሄድ እሱን ይዘንላቸው እንሄዳለን።