ወፍጮ፣ ወስፌና ግንብ፦ በሠራተኞቹ የሂንዱ ባለቅኔዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሂንዱ መንፈሳዊ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ በብዙ አንባቢ ዐይነ ኅሊና የሚደቀነው ከዓለም ተለይቶ በተራራ ጥግ የተቀመጠ መናኝ ነው። ሥዕሉ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ባክቲ በተባለው የፍቅር አምልኮ ባለቅኔዎች መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ የሚኖረው ብዙዎቹ በላባቸው ያደሩ ሠራተኞች ነበሩ። ጥያቄአቸውም አንድ ነው፤ ሰው ለዕለት ጉርሱ እየለፋ እውነተኛ ማንነቱን ሊያውቅ ይችላልን?

ለዚህ ጥያቄ ታላቁን መልስ የሰጠው ባጋቫድ ጊታ ነው። 18 ምዕራፎች ያሉት ይህ መጽሐፍ፣ በተለይም በ3ኛው ምዕራፍ፣ ነፃ የሚያወጣው ሥራን መተው ሳይሆን ለሥራ ፍሬ መስገብገብን መተው መሆኑን ያስተምራል። ገበሬው ከሞፈሩ፣ እናት ከማጀቷ ሳይለዩ ራሳቸውን ለማወቅ ይበቃሉ ማለት ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ እያንዳንዱ የራሱን ግዴታ ይፈጽም ሲል ግዴታን ከአራቱ የኅብረተሰብ ክፍሎች ጋር ያስተሳስራልና። ወግ አጥባቂዎች ይህን በትውልድ ተረጎሙት። በዚህም የጠራጊ ልጅ እየጠረገ ራሱን እንዲያውቅ ተፈቀደለት፤ መጥረጊያውን እንዲያስቀምጥ ግን አልተፈቀደለትም።

ይህን ቋጠሮ በግጥም የፈተሹት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ጃናባይ በማሃራሽትራ ምድር በባለቅኔው በናምዴቭ ቤት ገረድ ነበረች። በስሟ በሚዘመሩት ግጥሞች ውስጥ አምላኳ ቪቶባ ከወፍጮው አጠገብ ተቀምጦ አብሯት እህል ይፈጫል። ገረዲቱ አምላክን ፍለጋ ከሥራዋ አትነሣም፤ ዝቅ ብሎ ወደ ሥራዋ የሚመጣው እርሱ ነው። የተውኔት ባለሙያ እዚህ ላይ የሚያስተውለው ሐሳቡ በስብከት ሳይሆን በድርጊት መገለጡን ነው። በወፍጮ ላይ ማንጎራጎርን ከእናቶቹ ለሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢም ዜማው እንግዳ አይሆንበትም።

በቫራናሲ ከተማ በቆዳ ሥራ ይተዳደር የነበረው ራቪዳስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል። እ.ኤ.አ. በ1604 በተጠናቀረው የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ከተካተቱት መዝሙሮቹ አንዱ ቤጋምፑራ የተባለች፣ ሐዘንና ግብር የሌለባት፣ ሰውና ሰው የማይበላለጥባት ከተማ ይስላል። በዚህ መዝሙር ራስን ማወቅ ከግል እፎይታ አልፎ የኅብረት ሕይወት ጥያቄ ይሆናል። የሸማኔውን ሥራና የሊቁን ዕውቀት በአንድነት «ጥበብ» እያለ የሚጠራ፣ ነገር ግን ፋቂና ጠይብ እያለ ባለእጅን ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ይህን መዝሙር በጥሞና ሊያነበው ይገባል።

ይሁን እንጂ ሂስ ግጥሙን አድንቆ ብቻ ሊያበቃ አይገባውም። የ14ኛው ምዕተ ዓመት ባለቅኔ ቾካሜላ «የማይነኩ» ከሚባሉት ከማሃር ወገን በመወለዱ ወደ ፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በማንጋልቬዳ ግንብ ሲሠራ ተደርምሶበት እንደ ሞተ ይተረካል። ግጥሞቹ ንጽሕና የልብ እንጂ የትውልድ አለመሆኑን በድፍረት ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ውርደቱን ባለፈ ሕይወቱ ለሠራው በደል ቅጣት አድርገው ይቀበላሉ። ራሱን ያወቀ ሰው በበዳዮቹ ዐይን ራሱን ሲመለከት ማየት ልብ ይሰብራል። የመቅደሱ በር ለ«ማይነኩት» የተከፈተው ሳኔ ጉሩጂ ከጾመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። ከዚያው ከማሃር ወገን የተወለደው ምሁር አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፉ የቾካሜላንና የራቪዳስን መታሰቢያ አኖረ፤ በ1956 ግን የሂንዱን እምነት ትቶ ቡዲስት ሆነ። ባለቅኔዎቹን አከበረ፤ በደጅ መቆማቸውን ግን አልተቀበለም።

እንግዲህ በዕለት ሥራ ውስጥ ራስን የማወቅ ትምህርት የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ ለሠራተኛው በሚሰጠው ክብርና በላዩ የተጫነውን ቀንበር እንዲያይ በማስቻሉ። ጃናባይ የመጀመሪያውን፣ ራቪዳስ ሁለቱንም አሟልተዋል። የቾካሜላ ድምፅ በመካከል ተሰንጥቆ ይሰማል፤ እውነተኛነቱም በዚያው ስንጥቅ ነው። እነዚህን ግጥሞች ወደ አማርኛ የሚመልስ ባለሙያ የወፍጮውን ዜማ እንዲጠብቅ፣ የሚያስተምራቸውም መምህር የተዘጋውን በር ታሪክ ከግጥሙ ጋር አብሮ እንዲያነሣ ያስፈልጋል።