የዋቢዎች ዝርዝርና የሂስ ተአማኒነት

በጥናታዊ ጽሑፍ መጨረሻ የሚሰፍረው የዋቢዎች ዝርዝር ብዙ ጊዜ የቅርጽ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን የሂሱ አካል ነው እላለሁ። ለአብነት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት።

ልብ ወለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ያለው ጊዜ ነው። አጥኚው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «1958» ብቻ ብሎ ቢያልፈው፣ የውጭው አንባቢ ድርሰቱ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በፊት የወጣ ይመስለዋል። ከሙከራው አምስት ዓመት ያህል በኋላ የታተመው ሥራም እንደ ትንቢት ሊተነተን ነው። ዘመኑን የሳተ ሐያሲ ትንታኔው የቱንም ያህል ቢረቅ መሠረት አይኖረውም።

የስም አጻጻፍም ከዚህ አይለይም። «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ተብሎ ሲሰፍር የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ይሆናል፤ ደራሲው ራሳቸው በአንዲት ፊደል ይቀራሉ። በ«ሐ» ሥር የሚፈልግ ተማሪም አያገኛቸውም።

አንዳንድ የውጭ መጽሔቶች የሁሉም ጸሐፊ ስም እንዲገለበጥ እንደሚጠይቁ አይካድም። ሆኖም በኢትዮጵያ ጥናት መስክ ሙሉ ስምን ሳይገለብጡ ማስፈር የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ አጥኚው ይህንኑ ጠቅሶ አዘጋጁን ሊያስረዳ ይገባል። ዓመቱንም «1958 ዓ.ም. (1965/66 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ቢጽፍ አንባቢን ከስሕተት ያድናል።