«ሰው ሠራሽ ሽል» ስለሚለው ስያሜ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል ሲሰየም ሁለት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል፤ ይኸውም ስያሜው ነገሩን ለይቶ እንዲያመለክትና ገና ያልተፈረደውን ጉዳይ አስቀድሞ እንዳይፈርድ ነው። በቤተ ሙከራ ከግንደ ህዋሳት ለሚገኙት፣ ሽልን ለሚመስሉት አካላት በቅድሚያ ብዕር ላይ የሚመጣው ስያሜ «ሰው ሠራሽ ሽል» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ስያሜው ከሁለቱ መመዘኛዎች አንዱንም እንደማያሟላ ለማሳየት የቀረበ ነው።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። እነዚህ አካላት የወንድ ዘርና የሴት እንቁላል ሳይገናኙ፣ ግንደ ህዋሳት በተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ ተሰባስበው ራሳቸውን በራሳቸው ሲያደራጁ የሚገኙ ናቸው። እስራኤል ውስጥ በሬሆቮት ከተማ በሚገኘው በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም የጄኮብ ሃና ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ከአይጥ ግንደ ህዋሳት ተነሥቶ የ8 ቀን ተኩል የአይጥ ሽል የሚመስል፣ ልቡ የሚመታ አካል ከማሕፀን ውጭ አስገኘ። ከ10,000 ያህል የህዋስ ስብስቦች መካከል በትክክል የተደራጁት 50 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2023 ያው ቡድን ከሰው ግንደ ህዋሳት የ14 ቀን ሽልን የሚመስል አካል ማስገኘቱን አስታወቀ፤ ይህም አካል ከሚያመነጨው ሆርሞን የተነሣ በተለመደው መመርመሪያ ሲፈተን «እርግዝና አለ» የሚል ውጤት ሰጠ።

ለስያሜ አጥኚ ግን ከግኝቱ ባላነሰ የሚያስገርመው የጽሑፎቹ ርእስ ነው። የአይጡ ጽሑፍ «ሰው ሠራሽ ሽሎች» ሲል፣ የሰው የሆነው «የሽል ሞዴሎች» አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ነገሩ ወደ ሰው በቀረበ ጊዜ ስያሜው ከሽል ራቀ።

ወደ አማርኛው እንመለስ። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ቅጽል በቋንቋችን ሁለት ተቃራኒ ፍች አለው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ በእርግጥ ሐይቅ ነው፤ ውኃው ያረጥባል፣ ዓሣም ይረባበታል። ሰው ሠራሽ አበባ ግን አበባ አይደለም። ታዲያ «ሰው ሠራሽ ሽል» ከሐይቁ ወገን ነው ወይስ ከአበባው? የክርክሩ ሥር ይኸው ሆኖ ሳለ ስያሜው ለሁለቱም ወገን ያደላል። «የቤተ ሙከራ ሽል» ብንል ደግሞ የወንድ ዘርና እንቁላል በብርጭቆ ውስጥ ተገናኝተው ከሚፈጠረው እውነተኛ ሽል ጋር ይደባለቃል። «አምሳለ ሽል» ለጆሮ ቢያምርም፣ «አምሳል» በግእዙ የሥነ ፍጥረት ትረካ የተሸከመውን ክብደት ወደ ቤተ ሙከራ ይዞ ይገባል።

የስያሜ አድልዎ ከዚህ በፊትም ታይቷል። በብሪታንያ የዋርኖክ ኮሚቴ በ1984 በሰው ሽል ላይ የሚካሄድ ምርምር ከ14ኛው ቀን እንዳያልፍ ሐሳብ ባቀረበበት ዘመን፣ እነዚያን ቀናት የሚያመለክት «ቅድመ ሽል» የሚል ቃል ተስፋፋ። ተቺዎች ቃሉ የተፈጠረው ጥያቄውን ለማቅለል ነው አሉ። በ1990 የወጣው ሕግም «ሽል» የሚለውን ቃል ይዞ ጸና።

አበው «ሽል ከሆነ ይገፋል፤ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» ይላሉ። ምሳሌው ሽልን የሚያውቀው በመነሻው ሳይሆን በዕድገቱ ነው። የአውስትራሊያ ሕግም የማደግ ዐቅምን ስለሚቆጥር፣ የአገሩ ፈቃድ ሰጪ አካል በ2021 በሜልቦርን ከቆዳ ህዋሳት የተገኙትን ሽል መሰሎች በሕግ ፊት ሽል ናቸው ብሏል። በ2023 በቻይና ከዝንጀሮ ግንደ ህዋሳት የተገኙ ተመሳሳይ አካላት ወደ 8 ዝንጀሮዎች ማሕፀን ሲገቡ በ3ቱ የእርግዝና ምልክት ታየ፤ ሳይቆይም ጠፋ። በሰው ላይ ግን የምሳሌው ፈተና ሊፈተን አይችልም፤ ዓለም አቀፉ የግንደ ህዋስ ምርምር ማኅበር በ2025 ባሻሻለው መመሪያ እነዚህን አካላት ወደ ማንኛውም ማሕፀን ማስገባትንም ሆነ በሕይወት ሊኖሩ እስከሚችሉበት ደረጃ ከማሕፀን ውጭ ማሳደግን ከልክሏል። ስለዚህ ሰያሚው «ይገፋ እንደሆን እንይ» ብሎ ሊጠብቅ አይችልም።

ከዚህ በመነሣት ይህ ጸሐፊ «ሽል መሰል» የሚለውን ያቀርባል። ቃሉ በውጭ ስያሜዎች መጨረሻ የሚገኘውን፣ «መልክ» ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል የመጣውን ቅጥያ በትክክል ይተካል። «መሰልም እንደ ቅድመ ሽል ያቀላል» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ከፊል እውነት አለው፤ ስለሆነም በመዝገበ ቃላት የሚሰጠው ፍች እንዲህ ይሁን፦ «ከግንደ ህዋሳት የተገኘ፣ በአደረጃጀቱ ሽልን የሚመስል፣ ወደ ሙሉ ሕይወት የማደግ ዐቅሙ ግን ያልተረጋገጠ አካል»።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሬሆቮት ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ እዚያም ሆነ ሌላ አገር አንዲት እናት ነገ ከቆዳዋ ጥቂት ህዋስ ለምርምር እንድትሰጥ ብትጠየቅ፣ እሺታዋም ሆነ እምቢታዋ የሚመሠረተው በሚነገራት ቃል ላይ ነው። «ሰው ሠራሽ ሽል» ቢሏት ልጅ ሊሠሩ መስሏት ትደነግጣለች፤ «ሞዴል» ቢሏት የፕላስቲክ ነገር መስሏት ትፈርማለች። ሁለቱም ፈቃድ አይባልም። ስያሜ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ያየውን ይናገር፣ ፍርዱን ግን ለሚፈርዱት ይተው።