የተጠገነ መኪና የጐደለ ዋጋ፤ በካሣ ሕጋችንና በመድን ውል አነባበብ ላይ የቀረበ ትችት

በጎጃም የከብት ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሷን፥ ቀጥሎም እግሯን ይመለከታል። እግሯ ተሰብሮ ወጌሻ ያዳናት እንደ ሆነች፥ ዛሬ ሳታነክስ ብትሄድ እንኳ እንደ ጤነኛዪቱ አትሸጥም። በቅሎዪቱን የሰበረው ሰው የወጌሻውን ዋጋ ብቻ ከፍሎ «ዕዳዬን ጨርሻለሁ» ቢል ባለ በቅሎው የሚስማማ አይመስለንም። የደረሰበት ጉዳት ሁለት ነውና፤ አንዱ ለማዳኛ የወጣው ገንዘብ፥ ሁለተኛው ከዳነችም በኋላ የጐደለው ዋጋ ነው።

ለበቅሎ እንዲህ ግልጽ የሆነው ነገር ለመኪና ሲሆን ይደበዝዛል። መኪና ተጋጭቶ ከተጠገነ በኋላ የሚጐድለውን የመሸጫ ዋጋ ማን ይከፍላል? በዚህች አጭር ሐተታ ይህን ጥያቄ በሕጋችንና በመድን ውል ፊት አቅርበን እንመረምራለን።

ነገሩ ለደብረ ማርቆስ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ በዚሁም ላይ ጤፍ የጫነው አይሱዙ፥ ሚኒባሱና የቤት መኪናው ይተላለፋሉ። ግጭት በደረሰ ጊዜ መኪናው ጋራዥ ይገባል፤ ላሜራው ይቀጠቀጣል፥ ስቱኮ ይለጠፋል፥ ቀለም ይቀባል፤ መድን ሰጪውም የጥገናውን ሒሳብ ከፍሎ መዝገቡን ይዘጋል። ባለ መኪናው ሊሸጥ የወጣ ቀን ግን ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ገዥው መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ መካኒኩም ላሜራውን በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ ያለበትን ይለያል፥ የበሩን ቀለም ከኮፈኑ ቀለም ጋር ያስተያያል፥ ከሥር ገብቶም ሻንሲው የተበየደ እንደ ሆነ ይፈትሻል። ደላላውም «ግጭት የሌለባት» የምትለዋን ቃል በከንቱ አይናገራትም፤ ቃሏ ራሷ ዋጋ አላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ መድን ሰጪው የዘጋውን ገበያው አይዘጋውም።

ለምሳሌ ያህል ከግጭቱ በፊት 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና ነበረ እንበል። 300,000 ብር ወጥቶበት በደንብ ተጠገነ፤ ነገር ግን ገበያው የሚሰጠው 1,800,000 ብር ብቻ ሆነ። መድን ሰጪው 300,000 ብሩን ቢከፍልም 200,000 ብር በባለ መኪናው ጫንቃ ላይ ቀርቷል። እኛ የዋጋ ጉድለት የምንለው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የካሣው ልክ በቁጥር 2091 ተወስኗል፤ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን ይገባዋል። ሕጉ መለኪያ ያደረገው የጋራዡን ደረሰኝ ሳይሆን ጉዳቱን ነው። ደረሰኙ የጉዳቱ አንድ ማስረጃ ነው እንጂ ጉዳቱ ራሱ አይደለም። ስለዚህ የዋጋ ጉድለት ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው የሚል ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው። ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው የአንዱ ነጂ ጥፋት ካልተረጋገጠም ቁጥር 2084 ጠቅላላውን ጉዳት እኩል ያካፍላል፤ የዋጋ ጉድለቱም እንደ ሌላው ጉዳት ተደምሮ ሊካፈል ይገባዋል።

ባለ መኪናው ገንዘቡን ከገዛ መድን ሰጪው ሲጠይቅ ግን ነገሩ የውል ነገር ይሆናል። የንግድ ሕጉ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል በ2013 ዓ.ም. ከወጣው አዲስ የንግድ ሕግ በኋላም የጸና ነው። በቁጥር 678 የዕቃ ኢንሹራንስ የካሣ ውል መሆኑን ይናገርና፥ ካሣው ዕቃው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ክልከላው ነው። እውነት ነው፥ ማንም በአደጋ ሊከብር አይገባውም። ነገር ግን የካሣ ውል መባሉ ሌላም ትርጉም አለው፤ ሰውዬው እንዳይከብር የሚጠነቀቅ ሕግ እንዲደኸይ አይፈቅድም። በመድን ሥራ አሮጌ ዕቃ ወጥቶ አዲስ ሲገባ «መኪናህ ተሻሽሏል» ተብሎ ከካሣው የሚቀነስበት ልማድ አለ። ጥገናው ሲያሻሽል የሚቀንስ ሚዛን፥ ጥገናው ሲያጐድል የማይጨምር ከሆነ አንድ ሳሕን ብቻ ያለው ሚዛን ነው።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ በውሉ ቃል የተመሠረተ ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጣው የመኪና መድን ቅጽ በእርጅና ምክንያት የሚደርሰውን የዋጋ መቀነስና የአደጋ ተከታይ ኪሣራን ከኃላፊነት ያወጣል። ውሉ በግልጽ ከለከለ ማለት ተዋዋዮቹን ያስገድዳል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በጊዜ ብዛት የሚመጣ የዋጋ መቀነስ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ግጭት የመጣ ጉድለት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ማስቀረት ደንበኛው ሲፈርም ያልተረዳውን ነገር ኋላ ማምጣት ነው። በሌላ በኩል ጥፋተኛው ሌላ ሰው ሲሆን ተጎጂው ያንን ውል አልፈረመምና ቃሉ ሊጠቀስበት አይገባም። ይሁን እንጂ የጥፋተኛው መድን ሰጪ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ልክ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር። ከልኩ ያለፈውን ተጎጂው ከጥፋተኛው ከራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።

ተቃዋሚዎች ሁለት ጠንካራ ክርክሮች አሏቸው። አንደኛው፥ መኪናው ካልተሸጠ ጉዳት አልደረሰም የሚል ነው። በጀርመን አገር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ባለቤቱ መኪናውን ባይሸጥም የዋጋ ጉድለቱ እንዲከፈለው ወስኗል፤ ንብረቱ በእጁ እያለ ረክሷልና። በእኛም ሕግ ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ክርክር ልኩን ማወቅ ያስቸግራል የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር በ1974 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዋጋ ጉድለት በመሠረቱ ሊካስ እንደሚችል ተቀብሎ፥ ከሳሹ ግን በማስረጃ ስላላስረዳ አልፈረደለትም። ትምህርቱ ማስረጃ አዘጋጅ የሚል ነው እንጂ ጥያቄህን ተው የሚል አይደለም። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 መድን ሰጪዎች የገዛ ደንበኞቻቸውን የዋጋ ጉድለት እንዲገምቱ ካዘዘ በኋላ አንድ ስሌት ተስፋፋ። ስሌቱ ከመኪናው ዋጋ 10 በመቶ ይወስድና ያንን በጉዳቱ ክብደትና በተነዳው ርቀት ልክ ይቀንሰዋል። በእኛ ምሳሌ ከ200,000 ብር ይጀምራል፤ ጉዳቱ መካከለኛ ነው ተብሎ በ0.5፥ ለርቀቱም በ0.6 ቢባዛ 60,000 ብር ይቀራል። ይህን ስሌት እንዳለ መቅዳት አይገባንም። ርቀቱ አስቀድሞ በመኪናው ዋጋ ውስጥ ተቆጥሯልና ሁለተኛ ጊዜ መቁጠር ነው፤ 10 በመቶ የሚለውም ጣሪያ ገበያን ጠይቆ የመጣ አይደለም። ልኩን በትክክል ማስረዳት በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን የእኛው ቁጥር 2102 ሥልጣን ሰጥቶታል።

ከውጭ አገር ስንወስድ መጠንቀቅ ያለብን ሌላም ነገር አለ። የጀርመኑ ፍርድ ቤት በ2004 ለ16 ዓመት መርሴዲስ የዋጋ ጉድለት አልፈቀደም፤ እንዲህ ያረጀ መኪና በዚያ አገር ገበያ ብዙ የሚያጣው ዋጋ የለውምና። በአገራችን ግን ሃያ ዓመት ያለፈው ቶዮታ ኮሮላ ገና እንደ ትልቅ ሀብት ይሸጣል፤ ከዓመት ዓመትም በብር ሲቈጠር ዋጋው ሲጨምር እናያለን። በዚህም ምክንያት «ከገዛህበት አትርፈህ ሸጠህ የለምን?» የሚል መልስ ይሰማል። ይህ ማነጻጸሪያውን መሳት ነው። መነጻጸር ያለበት የዛሬው ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና ከዛሬው ያልተጋጨ አቻው ጋር ነው እንጂ ከዱሮው መግዣ ጋር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ቁጥር 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዥው ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ግጭቱን የተናገረ ሻጭ 200,000 ብር ይከስራል፤ የደበቀ ሻጭ ኪሣራውን ለማያውቀው ገዥ ያስተላልፋል። ስለዚህ የዋጋ ጉድለት አለመካሱ ጥፋተኛውን አሳርፎ እውነተኛውን ሰው የሚያስከፍል፥ ሌላውንም ወደ ሐሰት የሚገፋ ነው። በቀለም የተሸፈነ የሻንሲ ብየዳ በዓባይ ቁልቁለት ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለጎጃም ተጓዥ መንገር አያስፈልግም።

በእርግጥ ጥቃቅን ጭረት ሁሉ የዋጋ ጉድለት ቢባል የመድን ዓረቦን ይንራል፥ ተንኰለኛም ይበዛል። ስለሆነም አስተያየታችን የተወሰነ ነው። አንደኛ፥ አካሉ ወይም ሻንሲው በከባዱ በተጎዳ መኪና ላይ ገማቹ የጥገናውንና የዋጋ ጉድለቱን ልክ ለየብቻ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ መድን ሰጪው የዋጋ ጉድለትን የማይከፍል ከሆነ ሰው ሁሉ በሚረዳው አማርኛ በውሉ ላይ ይግለጸው፤ የሚፈልግም ተጨማሪ ዓረቦን ከፍሎ እንዲገባ ይፍቀድለት። ሦስተኛ፥ ተጎጂው የአደጋውን ፎቶግራፍ፥ የጥገናውን ዝርዝርና ከአንድ በላይ የሆኑ የገበያ ግምቶችን ይያዝ፤ የካሣ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበትና አይዘግይ።

እነዚህን ለመፈጸም ሕጉን መለወጥ አያስፈልግም። ካሣ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚለው ቃል ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል፤ የጐደለው በጋራዡ ደረሰኝ ሳይቆም እስከ ገበያው ድረስ የሚያነበው ነው።