ፍጥነትን በአውራ ጣት መለካት

ዴንቨር አጠገብ ሞዴል አውሮፕላን በምናበርርበት ሜዳ አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ ፍላፕ የማወርደው ፍጥነቱ ስንት ሲደርስ ነው?» አለኝ። ክንፉ ላይ አዲስ የፍጥነት ሴንሰር ተክሏል፤ ሪሞቱም ቁጥሩን በድምፅ ይነግረዋል። እንድሰጠው የፈለገው አንድ ቁጥር ነበር። አልሰጠሁትም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም።

ክንፉ መሸከም የሚያቅተው፣ ስቶል የምንለው፣ አየሩን የሚገጥምበት አንግል ከልኩ ሲያልፍ ነው። ቀጥ ብሎ ሲበር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የሚያደርግ ሞዴል፣ ከፍታውን ሳይለቅ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ሲዞር 36 ገደማ ላይ ያደርጋል። ፍላፕ፣ ከክንፉ ኋላ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ሲወርድለት ደግሞ ከ30 በታችም ይታገሣል። ከባድ ባትሪ ሲጫንበት ሁሉም እንደገና ይለወጣል። ታዲያ ሪሞቱ የሚጠራው ቁጥር ከየትኛው ጋር ይተያያል? ቮልፍጋንግ ላንገቪሸ «ስቲክ ኤንድ ራደር» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1944 ለእውነተኛ አብራሪዎች አስረድቷል፤ አንግሉን የሚያዘው በእጅ የተያዘው ስቲክ ነው። ለእኛ ለመሬት ቆመን ለምናበርረው ደግሞ ነገሩ ይብስብናል፤ ከወንበር በኩል የሚሰማን ምንም የለምና።

ሴንሰሩን አልንቅም። አዲስ አበባ በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ዘመኔን የገፋሁ ሰው ነኝ፤ ፍጥነት የሚለካበትን የፒቶ ቱቦ ቀይ ሽፋን ስንቴ እንዳወለቅሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ሄንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 ፓሪስ ላይ የሴን ወንዝን ፍሰት የለካበት ብልሃት ዛሬም በዚህ ሴንሰር ይሠራል። ግን በእኛ ፍጥነት ምን ያህል ግፊት እንደሚገኝ አስቡት። በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞዴል ቱቦው ውስጥ የሚፈጥረው 61 ፓስካል ያህል ነው፤ ውኃን 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ግፊት። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። መሣሪያው በጣም የሚደክመው ልናሳርፍ ስንል፣ በጣም በምንፈልገው ሰዓት ነው። ቱቦው የፕሮፔለሩ ነፋስ ውስጥ ከገባማ ጭራሹኑ አይታመንም።

የሴንሰር ወዳጆች ዓይን ይታለላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሞዴሉ ነፋስ ከኋላው ሲመታው መሬት ላይ የፈጠነ ይመስላል፤ አብራሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ አፍንጫውን የሚያነሳውን ኤሌቬተር ይስባል፣ መታጠፊያው ላይ ክንፉ ይከዳዋል። ከፍታም እንዲሁ ያታልላል። እንደ ቦሌ ባለ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያው ሞዴል ለመንሳፈፍ ከባሕር ወለሉ ወደ 12 በመቶ ፈጥኖ መሄድ አለበት፤ ለዓይን የሚሮጥ ይመስላል፣ ሴንሰሩ ግን ግፊት ስለሚለካ የለመደውን ቁጥር ይናገራል። ይህን ሳልከራከር እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ መታጠፊያ ላይ ያለ ሰው ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ እየጠበቀ ይወስን መባሉን ነው።

እኔ የማስተምረው እንዲህ ነው። ከፍ በል። ግማሽ ፍላፕ አውርድ፣ ሞተሩን ቀንስ፣ አፍንጫው እስኪወድቅ ኤሌቬተሩን ቀስ እያልክ ሳብ። ስቲኩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠህ ከያዝከው፣ ከሥሩ ያለችው ስፕሪንግ ምን ያህል እንደገፋችህ ይሰማሃል። አፍንጫው ሲወድቅ ጣትህ የት እንደነበረ ያዝ። በሙሉ ፍላፕም ድገመው፤ ቦታው ትንሽ ይለያያል። መሬት አጠገብ እዚያ ቦታ አትድረስ። ሴንሰሩ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ረዳት ነው፤ እዚያ ላይ ሰምተኸው ለማሳረፍ ስትወርድ ዝም አሰኘው።

ፍላፑን ከመታጠፍህ በፊት፣ ሞዴሉ ቀጥ ብሎ ሳለ አውርደው። ፍላፑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰርቮ አዘግየው፤ ለእኔ ሦስት ሰከንድ ይስማማኛል። አፍንጫው ሽቅብ እንዳይነሳ ትንሽ የታች ኤሌቬተር አብረህ ደባልቅ። ግማሹ ፍላፕ በዋናነት ያነሳሃል፣ የቀረው በዋናነት ይጎትትሃል። ማሳረፉን ከተውከው መጀመሪያ ጉልበት ስጥ፤ ፍላፑን ዝቅ ብለህ ሳለህ ባንዴ ከሰበሰብክ የተሸከመህን ነገር ራስህ ቀማኸው።

ወጣት ሳለሁ አብራሪ መሆን ነበር ምኞቴ፤ ዓይኔ ከለከለኝ። ሃንጋር ውስጥ ፍላፕ ስንፈትሽ አንዱ ኮክፒት ሆኖ ማንሻውን ይይዛል፣ እኔ ከክንፉ ሥር ቆሜ ያ ሁሉ ብረት በሐዲዱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አያለሁ። አውሮፕላኑ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ክንፉን አየር ሲሸከመው ፍላፑ ምን እንደሚያደርግ በእጄ ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ በዚህች ትንሽ ሪሞት ነው። ዛሬ ሜዳ የምሄደው ለመገለባበጥ አይደለም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አሳርፋለሁ፣ አነሳለሁ፣ መልሼ አሳርፋለሁ። ባለቤቴ «ይኸው ነው እንዴ?» ትለኛለች። አዎ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው የሚያሳርፈውን አውሮፕላን ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፣ ይኼኛውን የማሳርፈው እኔ ነኝ።