ሸኘቻቸው

ባለፈው ክረምት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት ቆሞ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አለኝ። «አንድ ጥያቄ ብቻ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ስክሪፕት ተሸክሞ ስለሚመጣ ዓይኔ ቦርሳ ፈለገ። ቦርሳ የለውም። ጥያቄው የእውነትም አንድ ነበር፤ የሦስት ወር የኮሜዲ ስልጠና ሊመዘገብ አስቧል፣ ክፍያው ከሁለት ወር የቤት ኪራዩ ይበልጣል፣ ያዋጣል ወይ?

«እስቲ ተቀመጥና አንድ ቀልድ ንገረኝ» አልኩት።

ቀልድ አልመጣለትም፤ ገጠመኙን ነገረኝ። «ውሻችን እኮ ጋሼ ሌቦቹን እስከ በር ሸኘቻቸው፣ ሌሊት ገብተው ቴሌቪዥኑንም ሲሊንደሩንም ተሸክመው ሲወጡ ማለት ነው፤ አልጮኸችም ምንም፣ አይገርምዎትም?»

ለጨዋነት ፈገግ አልኩ። አስተናጋጇ አጠገባችን ብርጭቆ እያነሳች ነበር፤ ፊቷ እንዳለ ነው።

«አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ሌሊት ሌቦች ገቡብን። ቴሌቪዥኑን አነሱ፣ ሲሊንደሩን አነሱ። ተሸክመው ሲወጡ ውሻችን ከተኛችበት ተነሳች። ተከተለቻቸው። እስከ በር ድረስ...» ማኪያቶዬን አንድ ጊዜ ፉት አልኩ። «ሸኘቻቸው።»

አስተናጋጇ ብርጭቆውን ልትጥለው ምንም አልቀራት። ያንኑ ወሬ ከደቂቃ በፊት ሰምታዋለች እኮ!

ልጁ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄንን ነው እዚያ የሚያስተምሩት?» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው የዚያን ዝምታ ዕዳ ለመክፈል ነው።

ከካሴት ዘመን ጀምሮ አብረን ጭውውት የሠራን አንድ ባልንጀራ አለኝ። አሁን ያሠለጥናል። በተገናኘን ቁጥር እንጨቃጨቃለን፤ ሚስቶቻችን ሰልችቷቸው ወንበር ይቀይራሉ። አንድ ቀን ክፍሉ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሥሏል፤ አንዱ «መነሻ» ይላል፣ ሌላው «መምቻ»። ከሥሩ «አስገራሚው ቃል መጨረሻ ይምጣ» ብሎ ጽፏል። ሕጉ ትክክል ነው። ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የመጣ በመሆኑም አልከፋኝም፤ ማይክራፎኑም ከዚያው ነው የመጣው። የከፋኝ ሌላ ነው። የእንግሊዝኛ ቀልደኛ መጨረሻ ላይ የፈለገውን ስም ያስቀምጣል፤ ግሱ ቀደም ብሎ መሐል ላይ ተናግሮ ጨርሷል። በአማርኛ ግን የመጨረሻው ወንበር የተያዘ ነው፤ ግስ ተቀምጦበታል። ተማሪ ቤት «ማሰሪያ አንቀጽ» እያሉ ሲገርፉን ለምን ማሰሪያ እንደተባለ አልገባኝም ነበር። መድረክ ላይ ገባኝ። እሱ እስኪመጣ ድረስ አድማጩ እጅ ውስጥ ያልታሰረ ነዶ ነው ያለው።

የሚያስቀው ነገር ራሱ ግስ ሲሆን ቋንቋችን በነጻ ያድለናል። «ሸኘቻቸው» የምትለዋን እዩዋት። ማን፣ ምን፣ ማንን፤ ሁሉም በአንዲት ቃል ውስጥ ነው። ደግሞ ሽኝት የእንግዳ ክብር ነው። ውሻዪቱ እስከዚያች ቃል ድረስ ውሻ ነበረች፤ በቃሏ የቤቱ እመቤት ሆነች። ልጁ ግን ይህን ሀብት መጀመሪያ ላይ በትኖ መጨረሻ ላይ «ማለት ነው» እና «አይገርምዎትም» ሰበሰበ።

የሚያስቀው ነገር ስም ሲሆን ነው ጣጣው። ለብዙ ዓመት ያበላሸሁትን የራሴን ላቅርብ። ልጄ ዝቅተኛ ውጤት አምጥቶ ስቆጣ «ሚስቴ የእኔን የስምንተኛ ክፍል ካርድ ከሳጥን አወጣች» እል ነበር። ሰው ይስቃል፣ ግን ሳቁ ተቆራርጦ ይወጣል። ምክንያቱም «የእኔን» ሲሰማ ሊስቅ አፉን ይከፍትና «ከሳጥን አወጣች» እስኪያልቅ በትሕትና ይጠብቀኛል። የኢትዮጵያ ታዳሚ ጨዋ ነው፤ ዓረፍተ ነገር አያቋርጥም። ጨዋነቱ ቀልዴን ገደለብኝ። አሁን እንዲህ እላለሁ፦ «ሚስቴ ምንም አልተናገረችም። ሳጥኑን ከፈተች። ካርድ አወጣች።» ቆም እላለሁ። «የእኔን።» ግሱን ቀድሜ አስሬ፣ ቃሏን ከማሰሪያው ውጭ አንጠለጠልኳት። ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባልንጀራዬ በሰሌዳው በስድስት ደቂቃ ሊያስተምረው ይችል ነበር፤ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም።

«ነው» የምትባለውንማ ባላነሳት ይሻላል። ካነሳኋት አይቀር፣ የቀልድ ድንጋይ ናት፤ የሞተው ላይ ትጫናለች።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የገጠመኝን ልንገረው። በአንድ የሀበሻ ሬስቶራንት አዳራሽ ውስጥ ያችኑ የውሻዋን ቀልድ አወራሁ። ሰዉ ሳቀ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አባት እዚያው ተወልዶ ላደገው ልጁ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ተረጎመለት። ልጁ አባቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ኮካውን ጠጣ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩት። ለካ እነሱ ቋንቋ ውስጥ ግሱ ገና መግቢያው ላይ ነገሩን ዘርግፎታል፤ ለመጨረሻው የቀረው «በሩ» ብቻ ነው። በር ደግሞ አያስቅም። ልጁ ሞኝ አልነበረም፤ አባትየውም አላጠፋም። ቀልዱ ያለው ውሻዪቱ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። «ቀልድ ተፈጥሮ ነው፣ አይማሩትም» የሚሉ የሙያ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንድ ሰሞን እል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ቴአትር ያስተምራል። ሐምሌት መሆን ይማሩታል፤ ማሳቅ ሲሆን ብቻ ነው «ከእናት ማኅፀን» የምንለው። አገሪቱ እስከ ዛሬ በስማቸው የምትስቅላቸው አለቃ ገብረ ሐና ማን ነበሩ? ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ከእሳቸው የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው እንጂ ያልተማረ አይደለም ያሳቀን።

ያ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ደግሞ ልብ በሉ። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ቁጥቋጦ ተጠግቶ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይናገራል፤ «ነገራ» ይሉታል። መምህሩ ይሰማሉ። ያርማሉ። በማግስቱ እንደገና ነው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ድረስ እንዲህ ይሄዳል። እዚያ ቤት ማንም «ሰምና ወርቅ ማለት ምንድን ነው» የሚል ሰሌዳ ፊት ለሦስት ወር አይቀመጥም። ይቆጥራል፣ ይናገራል፣ ይታረማል።

አዝማሪ ቤትም ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው በተማሪው አይደለም እንጂ። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ይደግመዋል። አንድ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ሁለት ትርጉም የያዘችው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የምትቀመጠው? ቤት መምቻው ላይ። የሰከረው እንግዳ እንኳ መሐል ላይ አያባክናትም። ባልንጀራዬ ሰሌዳው ላይ የሣለውን «መምቻ» እኛ ስሙንም ሳንቀይር ኖረንበታል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ እንዲሁ ነው ያደረጉት። በ1959 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተከፈተው ሰከንድ ሲቲ የተባለው የኮሜዲ ቴአትር የተነሳው ቫዮላ ስፖሊን ከነደፈቻቸው የቴአትር ጨዋታዎች ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ፖል ሲልስ ልጇ ነው። ጨዋታዎቹን ደግሞ ቀድማ የሞከረችው በዚያው ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ከመጡ ሕፃናት ጋር ነበር። ከሰፈሯ ልጆች ጨዋታ ዘዴ አወጣች። እኛ የእሷን ዘዴ ተበድረን የሰፈራችንን ጨዋታ እንረሳለን። ለባልንጀራዬ ይህን ስለው «አንተ መቼ አስተምረህ ታውቅና!» ይለኛል። እውነቱን ነው።

የእኛ ትምህርት ቤት ቴፕ ነበር። የተስፋዬ ካሳን፣ የአለባቸው ተካንና የልመነህ ታደሰን፣ የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን ጭውውት እያዳመጥን፣ ባትሪ እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ አንዷን ቦታ ሃያ ጊዜ እንመልሳት ነበር። ቃሉን በቃላችን ያዝነው። ዝምታውን ግን ማንም ሊይዘው አልቻለም። ሰፈር ውስጥ ስንደግመው የማያስቀው ለምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ቴፕ አያርምም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርግ ላይ ላጫውት ስጋበዝ ታዳሚው ጥሬ ሥጋው ላይ አተኩሮ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጆሮ ሰጡኝ፣ እሳቸውም ስጨርስ «አሁን ወደ ጨዋታው ግባ» አሉኝ። ለምን እንደወደቅሁ የሚያስረዳኝ ባገኝ ኖሮ የሁለት ወር ኪራይ አይደለም፣ ቤቱን እሰጥ ነበር።

ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ «ተመዝገብ። ግን መጀመሪያ አንድ ቀን ገብተህ ቁጭ በል። ሰዓትህን ያዝ። አስተማሪው ያወራበትን ደቂቃ ቁጠር፣ ተማሪዎቹ ቆመው ያወሩበትን ደቂቃ ቁጠር። የአስተማሪው ከበለጠ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ። የተማሪዎቹ ከበለጠ፣ አንተም በየሳምንቱ ባለፈው ሳምንት መውደቅህን ባዩ ሰዎች ፊት ደግመህ የምትወድቅ ከሆነ፣ ተበደርና ክፈል።»

«ውሻዋስ?» አለኝ።

«ውሻዋ ያንተ ናት።»

እኔን ግን ማሰሪያውን ያስተማሩኝ ቀልደኛ አልነበሩም፤ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥሩንባው ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ አልጋው ላይ ትንፋሹን ይይዛል። እሳቸው አይቸኩሉም። «ቀብር ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው። ድንኳን ተካዮች አሁን ውጡ። ሰዓት ይከበር። ያረፉት...» ከዚያ ነው ስሙ። በልጅነቴ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን ስሙን እንደማያስቀድሙ ጠየቅኋቸው። «ስሙን ካስቀደምኩ ሰዓቱን ማን ይሰማኛል?» አሉኝ። በየቀብሩ ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ሐዘንተኛውን የሚያስቁትም እሳቸው ነበሩ፤ በዚያው ዘዴ፣ የምትነድፈውን ቃል ለመጨረሻ አስቀርተው።

አባቴ ያረፈ ሌሊት የእኛን ቤት አልፈው ነፉ። እኔ ውስጥ ነኝ። ለቅሶ ላይ ሆኜ ጆሮዬ ሙያውን አልተወም፤ አፍሬ ነው የምናገረው። ሰዓቱን ተናገሩ፣ ድንኳኑን ተናገሩ። «ያረፉት...» አሉ፤ ከዚያ ከዚህ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ትርፍ ቃል ጨመሩ። «ወዳጄ» አሉ። ስሙ ከዚያ በኋላ መጣ።

እሳቸው ራሳቸው ሲያርፉ ጥሩንባ ቀርቶ እድሩ ስልክ ላይ በቴሌግራም መልእክት መላክ ጀምሮ ነበር። ጸሐፊው ስማቸውን ከሁሉ ፊት በትልቁ ጻፈው። ሁላችንም ስሙን አየን፣ ስልካችንን አስቀመጥን፣ አለቀስን። ሰዓቱን እስከታች ወርዶ ያነበበ ጥቂት ነው። ከሰፈሩ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው አፈር ከለበሱ በኋላ ነው።

ማታ ድንኳን ውስጥ ተሸማቅቀን ተቀምጠን ሳለ አንዱ ጎረቤት ካርታውን እየበወዘ «ራሳቸው ቢነፉት ኖሮ በሰዓቱ እንደርስ ነበር» አለ። ድንኳኑ ሳቀ። መበለቲቱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ዓረፍተ ነገሩን መዘንኩት፤ «ነበር» ትርፍ ናት፣ «እንደርስ» ላይ ቢያቆማት ይሻል ነበር። ከዚያ «ወዳጄ» ትዝ አለችኝ። «ነበር»ን ተውኳት።